ከደብሩ ይዤው የወረድሁት አድራሻ

በዚያ ቀን በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ ማን ማን እንደ ነበረ አስቀድሜ ልናገር። አልጋው ላይ ቄስ ሞገስ ተኝተው ነበር። በራስጌያቸው ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ነበረች። ጤና መኮንኑ ዳኛቸውና ነርሷ ሲስተር ዓለምነሽ ከአልጋው አልራቁም። የታማሚው ወላጅ አባት አያ ተገኘ ዘግይተው ደረሱ። ከጎንደር አንዲት ሐኪም በድምፅ ብቻ ከእኛ ጋር ነበረች። መልኳን እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ሆኖም ከማንኛችንም ይልቅ በዚያ ክፍል የነበረችው እርሷ ስለ ሆነች ሳልቈጥራት አላልፍም። ሰባተኛው እኔ ነኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ከማስተማር ሥራ በጡረታ የተገለልሁ፣ በጎንደር ጫፍ በፀዳ ብቻዬን የምኖር ሰው ነበርሁ። በወጣትነቴ ቅኔ ቈጥሬአለሁ፤ ኋላም ለብዙ ዘመን ግዕዝ አስተምሬአለሁ። ከጡረታ በኋላ ከሰው ጋር የማደርገው ንግግር እያነሰ ሄዶ ከሰላምታ የማያልፍ ሆነ። ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ እዚህ አላወራም፤ ለዚህ ታሪክም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ ሰው መጠየቅ አልወድም ነበር። መንገድ ቢጠፋኝ እንኳ እስካገኘው ድረስ እዞራለሁ እንጂ የሚያልፈውን ሰው አላስቆምም።

ፒያሳ አካባቢ ያረጁ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ አንድ ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነበረ። ጽሑፍ የሚያነብብላቸው ሰው ሲፈልጉ ወደ እኔ መጡ፤ እኔም እሺ አልሁ። ሥራው ዝምታን የሚፈቅድ ነውና። ላፕቶፕ ሰጡኝ፤ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ነው። ወጣቶቹ «ዊንዶውስ እንጫንልዎ፣ ይቀልዎታል» ቢሉኝ አልተቀበልሁም። ጥቂት ወራት ተቸግሬ ለመድሁት፤ ከለመድሁትም በኋላ ጠባዩ ከእኔ ጠባይ ጋር ተስማማ። ያዘዝሁትን ይሠራል፤ ያላዘዝሁትን አይነካም።

ላፕቶፑን ይዤ የምመላለሰው በሦስት ቦታዎች መካከል ነበር። ቤቴ ስሆን ከስልኬ በዋይፋይ ይቀበላል። ፒያሳ ቢሮ ስሆን በኬብል ይሰካል። ሦስተኛው ቦታ ከዳባት በላይ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ በደጋው ላይ ያለ አንድ ደብር ነው። በዚያ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን የሚያነሣው ካሜራና ፎቶዎቹ የሚጠራቀሙበት መሣሪያ ከላፕቶፔ ጋር በኬብል መገናኘት ነበረባቸው።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ ቤት ውስጥ በኔትወርክ የተገናኙ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው አድራሻ አላቸው፤ በድግስ ቤት እንደ ተደረደረ መቀመጫ ቍጠሩት። የመጀመሪያዋን መቀመጫ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ራውተሩ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣውና ከውጭ የሚገባው ሁሉ በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ የቤቱ ጌታ እርሱ ነው። አዲስ የመጣ እንግዳ «የት ልቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባዶ ቦታ ታይቶ ይሰጠዋል። ሳይጠይቁ «የእኔ ቦታ ይህ ነው» ብሎ መቀመጥም ይቻላል። እኔ የመረጥሁት ይህን ሁለተኛውን ነበር። ለቢሮው፣ ኃላፊው የነገረኝን ቋሚ አድራሻ ጻፍሁ። በደብሩ ግን ሌላ ጌታ ስላልነበረ የመጀመሪያዋን መቀመጫ ለላፕቶፔ ሰጠሁት። ቅንብሮቹንም «ቤት»፣ «ቢሮ»፣ «ደብር» ብዬ ሰየምኋቸው። ኬብል በተሰካ ቍጥር ላፕቶፑ መጨረሻ የሠራበትን ቅንብር በራሱ ያነሣል። በሥራዬ እጅግ ተደስቼ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ሦስት ቦታ አገልጋይ ነበረኝ።

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ደብሩ ላይ ነበርሁ። የዕቃ ቤቱ በር ሁለት ቍልፍ አለው፤ አንዱ በገበዙ እጅ ነው፣ ሁለተኛው በቄስ ሞገስ እጅ። ሁለቱ ባለ ቍልፎች ሳይገናኙ መጽሐፍ አይወጣም፤ ጥንትም እንደዚያ ነው። በማለዳው ገበዙ መጥቶ ከፈተ፤ ቄስ ሞገስ ግን የሉም። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጭጋጉ እየተነሣ ሄደ፤ ፀሐይ ወጣች፤ እርሳቸው አልመጡም። ኋላ ከታች በኩል ጩኸት ተሰማ። አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ፣

«ሞገስን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው አወረዷቸው! ባቄላው መኻል ወድቀው ተገኙ!» አለች።

ቄስ ሞገስ እንደ ደብሩ ካህናት ሁሉ ገበሬ ናቸው። ጎሕ ሲቀድድ መርጫውን አዝለው ፀረ ተባይ ሊረጩ ወጥተው ኖሯል። ነፋሱ ዞሮ ወደ ፊታቸው ሲመልሰው፣ ማሳው እስኪያልቅ ብለው ቀጥለዋል። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ እንኳ አልሸፈኑም።

ላፕቶፑን ከእነ ቦርሳው አንግቤ ቍልቍለቱን ወረድሁ። በደብሩ ከእኔ ጋር ሳይሰለቹ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጤና ጣቢያው የደረስሁ ጊዜ ክፍሉ በዚያ መርዝ ሽታ ተሞልቶ ነበር። ልብሳቸውን አውልቀው ገላቸውን አጥበዋቸዋል፤ ላባቸው ግን እንደ ውሃ ይወርዳል። ከአፋቸው አረፋ ይወጣል። ደረታቸው ሲተነፍሱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ዳኛቸው በአልጋው ጎን ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ይዟል፤ ስልኩ ትራሱ አጠገብ በድምፅ ማጉያ ተከፍቷል። በዚያ ሰሞን የስልክ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። የነበረው መስመር ከጣሪያው ላይ በተተከለው ሳሕን የሚመጣው ኢንተርኔት ብቻ ነው።

«ዳኛቸው፣ ደረቱ አሁንም ይንተከተካል?» ትላለች ሐኪሟ።

«ይንተከተካል ዶክተር።»

«እንግዲያው የመርዙን ማርከሻ መርፌ ድገም። ልቡ ቢፈጥንም አትደንግጥ። እኔ በቃ እስክልህ ድረስ... መንተክተኩ ሳይጠፋ... እንዳታ...»

ድምፁ እየተቈራረጠ ይመጣል። ራውተሩ ያለው ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ማዶ፣ ካርድ ክፍል ነው፤ ዋይፋዩ ወደ እኛ ሲደርስ ይደክማል። አምቡላንስ ተጠርታለች፤ ነገር ግን ናዳ መንገዱን ስለ ዘጋው በሌላ በኩል ዞራ ነው የምትመጣ፤ መቼ እንደምትደርስም የሚያውቅ የለም።

ዳኛቸው ቀና ብሎ አየኝ። ሥራ ከጀመረ ብዙም አልሆነው፤ እንዲህ ያለ መርዝ ሲያክምም የመጀመሪያው ነበር።

«መምህር፣ ኮምፒዩተር ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ድምፅ እንዲጠራ የሚደረግ ነገር የለም?»

ግድግዳው ላይ አንድ ኬብል ተንጠልጥሎ አየሁ። የተቃጠለው ኮምፒዩተራቸው ይሰካበት የነበረ ነው፤ በቀጥታ ከራውተሩ ይመጣል።

«በዋይፋይ ፈንታ በኬብል ከሆነ ይጠራል። ሐኪሟን በላፕቶፑ እናናግራታለን፤ በካሜራውም ታየናለች» አልሁ። በዚያ ሳምንት ከአፌ የወጣ ረጅሙ ንግግር እርሱ ነበር።

ኬብሉን ሰካሁ። ቀጭ አለ። በማያ ገጹ ጥግ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ምልክት ብቅ አለ።

«አሁን የልብ ምቱን ቍጠርና...» አለች ሐኪሟ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

«ዶክተር? ዶክተር!»

ስልኩ ጭጭ አለ። ሲስተር ዓለምነሽ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየች።

«ደመናው ነው። ትናንትም እንዲሁ አድርጎናል» አለች።

እኔም ደመናው መሰለኝ። ሆኖም እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ አልቻልሁም። ኢንተርኔቱን ለመክፈት ሞከርሁ፤ አልከፈተም። «ደብር» የሚለውን ቅንብር አጥፍቼ «ቢሮ» የሚለውን አነሣሁ። እርሱም ተገናኘሁ ይላል፤ የሚከፍተው ነገር ግን የለም። በዚህ መካከል የዳኛቸው ስልክ ጢን አለ። ከሐኪሟ የመጣ አጭር መልእክት ነበር፦ «ምን ሆናችሁ? እንዳታቆም።» ዳኛቸው መልሶ ሲደውል እኔ ከ«ቢሮ» ተስፋ ቈርጬ ወደ «ደብር» ተመለስሁ። ጥሪው ሳይገባ ጠፋ።

«እንዳታቆም ትላለች። ልባቸው ግን እየጋለበ ነው» አለ ዳኛቸው። መርፌውን አነሣው። «ይህን ብደግመው ልባቸው ቀጥ ቢልብኝስ?»

«ብትተወውስ?» አለች ጥሩወርቅ ከራስጌ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ስለዚህም ይበልጥ አስፈራኝ።

ዳኛቸው መርፌውን መልሶ የመድኃኒት ትሪው ላይ አስቀመጠው። ፈርቶ ነበር፤ አልፈረድሁበትም። የቄስ ሞገስ ደረት ግን እየባሰበት ሄደ። ከንፈራቸው መጥቈር ጀመረ።

እኔ ኬብሉን ነቅዬ የጣሪያውን ሳሕን ለማየት ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰማዩ ገልጦ ነበር። በስተምሥራቅ በኩል ብቻ የተበጣጠሰ ደመና አለ። ሳሕኑም እንደ ተተከለ ነው፤ አልዘነበለም። ግራ ተጋብቼ ቆሜ ሳለሁ ከውስጥ የሐኪሟን ድምፅ ሰማሁ።

«...አቁመሃል? ማን አቁም አለህ?»

በሩጫ ገባሁ። ዳኛቸው መርፌውን አንሥቶ እየወጋ ነው። ጊዜው አሁን ነው አልሁ በልቤ፤ መስመሩ ሳይጠፋ ቶሎ በኬብል ላገናኛት። ሰካሁ። ቀጭ።

የሐኪሟ ድምፅ ተቈረጠ።

በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ያ የሚንተከተክ ደረት ብቻ ነው። ሲስተር ዓለምነሽ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና፤ እርስዎ ሲወጡ ትመጣለች፣ እርስዎ ሲገቡ ትጠፋለች። ምን ይዘው ነው የሚገቡት?»

«ምነው ጠበል ብንረጨውሳ ያን ኮምፒዩተር!» አለች ጥሩወርቅ። ቀልድ አልነበረም።

ላፕቶፑን አየሁት። ተገናኝቷል ይላል። ቢያዩት አንድ ጕድለት የለበትም።

በዚህ ጊዜ አያ ተገኘ ገቡ። ከሩቅ ማሳ የመጡ መሰለኝ፤ ጭቃው እስከ ጕልበታቸው ደርሷል። በትራቸውን በሩ ላይ ጥለው ልጃቸውን አዩ። ዳኛቸው እንደ አስተዳደጉ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«ኖር አያ ተገኘ!»

«በግዜር» አሉና በዚያችው በርጩማ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ሞጌ። ምነው ልጄ፣ ምነው?»

ዳኛቸው ቆሞ ቀረ። በርጩማዋ የተቀመጠችው የታማሚውን ደረት ማዳመጥ ከሚቻልበት፣ መድኃኒቱ ከሚደረስበት ቦታ ላይ ነበር። በወዲያኛው በኩል ግድግዳ ነው። በአያ ተገኘ ትከሻ ላይ ሊንጠራራ ሞከረ፤ አልደረሰም። በራስጌ ዞረ፤ ጥሩወርቅን ገፋት። ማዳመጫው ከእጁ ወደቀ። የአክብሮት ነገር ሆኖበት ይነሡ ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው። ሥራው ሁሉ ቆመ። እኒያ ሽማግሌ ክፉ አላደረጉም፤ የተቀመጡበት ቦታ የሌላ ሰው መሆኑን አላወቁም እንጂ።

ሲስተር ዓለምነሽ ግን ደፈረች። «አያ ተገኘ፣ ይነሡ! ወንበሩ የሐኪሙ ነው!»

አያ ተገኘ ፍም የነካቸው ያህል ተፈናጥረው ተነሡ። «ምነው ቀድማችሁ አትነግሩኝም!»

እርሳቸው ተነሡ። የእኔ ላፕቶፕ ግን እንደ ተቀመጠ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። በደብሩ ላይ ጌታ ሌላ ስለሌለ የመጀመሪያዋን መቀመጫ ሰጥቼው ነበር። ኬብል በተሰካ ቍጥርም ያንኑ ያነሣል። እዚህ ግን የመጀመሪያዋ መቀመጫ ባለቤት ነበራት፤ ራውተሩ። ላፕቶፔ ሳይጠይቅ ገብቶ በጌታው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ ነኝ» እያለ ነበር። የዳኛቸው ስልክ ወደ ጎንደር መውጫውን ሲፈልግ የሚያገኘው የእኔን ላፕቶፕ ነው፤ ከእኔ ላፕቶፕ ወዲያ ደግሞ መንገድ የለም። ደመናው አልነበረም። ሳሕኑም አልነበረም።

ኬብሉን መዝዤ ነቀልሁት።

«ያቋረጥሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔ ነኝ።»

ዳኛቸው አልተረዳኝም፤ ለመረዳትም ጊዜ አልነበረውም። ስልኩ ጮኸ።

«ዶክተር!»

«መንተክተኩ?»

«ብሶበታል ዶክተር።»

«ድገም። አሁኑኑ።... ዓይኑን... ብሌኑ ምን ያህል...» ድምፅዋ እንደ በፊቱ መቈራረጥ ጀመረ። «አልሰማህም ዳኛቸው። ግማሹን አልሰማህም። ምነው ባየሁት!»

ስልኩን ይዞ ወደ ራውተሩ መቅረብ ማለት አልጋውን መተው ነው። ዳኛቸው እኔን አየ። ሲስተር ዓለምነሽ በእኔና በኬብሉ መካከል ገብታ ቆመች።

«መምህር፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፤ አይንኩት። ተቈራርጦም ቢሆን ይሰማል።»

እውነቷን ነበር። እኔም በራሴ አላመንሁም። ሦስተኛ ጊዜ ባቋርጣት በዚያ ክፍል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም ምን እንደ ሠራሁ ካወቅሁ፣ እንዴት እንደሚቃናም አውቃለሁ።

«ሳልሰካ ላስተካክለው» አልሁ። «ከዚያ በኋላ ስካ ካላችሁኝ እሰካለሁ፤ አትስካ ካላችሁኝ እወጣለሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ «ደብር» እና «ቢሮ» ሳላዝዛቸው እንዳይነሡ ከለከልኋቸው። ከዚያ አዲስ ቅንብር ከፈትሁ። አድራሻ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውሁት፤ ከቤቱ ጠይቆ እንዲቀበል አዘዝሁት። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ነው፤ ልጆቹ ገና ላፕቶፑን ሲሰጡኝ የነገሩኝና እኔ የናቅሁት። ስም ስጠው አለኝ። «እንግዳ» ብዬ ጻፍሁ። ጣቶቼ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ሳቱት። ከበላዬ መርፌ ይወጋል፤ ቍጥር ይጠራል፤ አያ ተገኘ በሹክሹክታ እግዚኦ ይላሉ።

«ጨርሻለሁ።»

ሲስተር ዓለምነሽ ወደ ዳኛቸው ዞረች።

«ይስኩት» አለ ዳኛቸው፤ ከቄስ ሞገስ ደረት ላይ ማዳመጫውን ሳያነሣ።

እርሷም ከኬብሉ ፊት ዘወር አለች።

ሰካሁት። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ስሰማ ዓይኔን ጨፈንሁ። በስልኩ ውስጥ ሐኪሟ ትናገራለች፤ የተቈረጠ ቃል፣ ከዚያ ሌላ የተቈረጠ ቃል። ቃሏ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። አልጠፋም። ዓይኔን ስገልጥ ማያ ገጹ ላይ አዲስ አድራሻ ተቀምጧል፤ ከመጀመሪያዋ እጅግ የራቀች፣ በዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ያለች። ለእንግዳ የሚገባ ቦታ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሐኪሟ በላፕቶፑ ገባች። መስመሩ እንዳይጨናነቅ የራሷን ካሜራ ዘግታ ነበርና ድምፅዋን ብቻ ሰማን፤ ድምፅዋ ግን እዚያው በርጩማ ላይ የተቀመጠች ያህል ጠራ።

«ካሜራውን ወደ ዓይኑ አቅርቡልኝ» አለች። ላፕቶፑን በሁለት እጄ አንሥቼ ከቄስ ሞገስ ፊት አስጠጋሁ። «የዓይኑን ቆብ ግለጥ። አዎ። አሁን ደረቱን። ሲስተር፣ ብርሃን ጨምሪልኝ። ዳኛቸው፣ ጎበዝ፤ ልቡ አይደለም የሚገድለው፣ ሳንባው ነው። ድገም።»

ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ ይዤው ቆምሁ። አያ ተገኘ አንድ ጊዜ መጥተው በዝምታ ክርኔን ከሥር ደገፉልኝ። ቀኑ ወደ ከሰዓት በኋላ ሲያዘነብል ያ መንተክተክ እየላላ ሄደ፤ መጀመሪያ ከላይ፣ ኋላም ከጎን። ዳኛቸው አዳመጠ፤ ዞሮ በሌላው በኩል አዳመጠ።

«ጠራ» አለ። «ዶክተር፣ ጠርቷል።»

«እስቲ ዝም በሉ፣ ማዳመጫውን ወደ ላፕቶፑ... አይ፣ አያስፈልግም፤ አምኜሃለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች። «አሁን ቀስ እያልን እንቀንሳለን።»

ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን የገለጡት አምቡላንሷ ግቢው ስትደርስ ነው። ዙሪያቸውን አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጥሩወርቅ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«የዕቃ ቤቱ ቍልፍ ከኮቱ ኪስ ነው፣ መምህር ሥራ ፈቱ፣ ነው የሚል» አለች፤ ከማለዳ ጀምሮ የያዘችው ዕንባ ያን ጊዜ ወረደ። «ቍልፍህ ገደል ይግባ! ገደል ይግባ እቴ!»

ጥሩወርቅና ሲስተር ዓለምነሽ ከታማሚው ጋር ሄዱ። ዳኛቸው ክፍሉን ሊያጥብ ቀረ። እኔና አያ ተገኘ ከውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጭቃው እግራቸው ላይ ደርቆ ነበር። መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ፤ እኒህ ሰው በሹክሹክታ እንዲሰሙት አልፈለግሁም።

«አያ ተገኘ፣ መስመሩን ሲያቋርጥ የነበረው የእኔ ኮምፒዩተር ነው። በማይገባው ቦታ ተቀምጦ። ልጅዎን ልገድለው ነበር።»

እያኘኩ እንደሆነ ሁሉ መንጋጋቸውን አንቀሳቀሱ።

«አውቀህ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ካወቅህ በኋላ ደበቅህ?»

«አልደበቅሁም።»

«እኔም እኮ ተቀምጬበት ነበር፤ እዚያች በርጩማ ላይ።» በትራቸውን አነሡ። «ሰው የሚነግረው ካገኘ ሸጋ ነው። በል ተነሥ፣ ደጋው ይበርዳል፤ ከእኔ ቤት ታድራለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አላስቸግርም ብዬ እምቢ እል ነበር። ተነሥቼ ተከተልኋቸው።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ላፕቶፕ ይዞ ከቦታ ወደ ቦታ የሚመላለስ ይኖራል። መሣሪያው የነበረበትን ቦታ በሆዱ ይዞ እንደሚሄድ አትርሱ። በአንዱ ቤት ጌታ የሆነ ቅንብር በሌላው ቤት በሩን የሚዘጋ ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳየውም ምልክት «ተገናኝቷል» የሚል ነው። ዛሬ በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ «ደብር» የሚለው ቅንብር እኔ በእጄ ካላነሣሁት አይነሣም፤ የትም ስደርስ ቀድሞ የሚወጣው «እንግዳ» ነው።

ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም፤ ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም። ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን በፀዳ አጥር የምንጋራውን ጎረቤቴን ስሙን የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። «እስካሁን ሳያውቁት ነው እንዴ ደኅና አደሩ ሲሉኝ የኖሩት?» ብሎ ሳቀብኝ። የሳቀብኝ ሰው ካገኘሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለ ነበር ቅር አላለኝም። አሁን ከደብሩ ለሚመጡ ሁለት ካህናት የኮምፒዩተሩን ሥራ አስተምራለሁ፤ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ የማላውቀውንም እጠይቃቸዋለሁ።

ዳኛቸው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ሲስተር ዓለምነሽ እዚያው ናት፤ ባየችኝ ቍጥር «ዛሬስ ምን ይዘው መጡ?» ትለኛለች። ሐኪሟ ጎንደር እንዳለች ሰምቻለሁ። ጥሩወርቅ ባቄላውን ማንም ሳይሸፈን እንዳይረጭ የመንደሩ ዘበኛ ሆናለች።

አያ ተገኘ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በእርጅና ዐረፉ። ለቀብሩ ወጥቼ ነበር። ፍትሐቱን የመሩት ቄስ ሞገስ ናቸው፤ እጃቸው ጥቂት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፃቸው ግን የጠራ ነው። ሳይታወቀኝ ደረታቸው ይንተከተክ እንደ ሆነ አዳምጥ ነበር።

በዚያ ክፍል ሰባት ነበርን። ስድስት ቀረን። የጎደሉት አባት ናቸው፤ የቀበራቸውም ልጃቸው ነው።